ሁለት ጊዜ የተለካ ገጽ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለልጄ፣

ብዕሩን የያዘው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሱቁ ከሥራ ቤቴ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ቀኝ ጆሮዬን በምላጭ የጫረኝም እሱ ነው። እጁ የሱ ይሁን እንጂ ቃሉ የኔ ነው። እንዳያሳምርብኝ ከመጀመራችን በፊት አስምዬዋለሁ።

እንዴት ከረምሽ? ያለሽበት ቀን ይለስልስልሽ፣ ወገብሽ አይዛል፣ የሚያዝሽ ሰው ልብ ይግዛ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው አያፈስም። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይጮኻል እንጂ አልከዳኝም። ልጅሽ፣ የኔ ሽብልቅ፣ ጤነኛ ናት። ሽብልቅ ያልኳት እንጨት መሰንጠቂያው ትዝ ብሎኝ ነው፤ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ከተቀመጠ መሃል ገብታ ካላላቀቀች አታርፍም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ትምህርት ቤቱ ወላጅ ማስተማር ጀምሯል። ተሳስቼ አይደለም፤ ልጆቹን ሳይሆን ወላጆቹን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቱም አባቱም አያቱም ተሰብስቦ ልጅ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚታገዝ ይማራል። የጥሪው ወረቀት ሲመጣ እኔ አናጢ እንጂ ተማሪ አይደለሁም አልኩ። ሽብልቅ አልተከራከረችኝም። ወረቀቱን መላጊያዬ ሥር አድርጋው ሄደች። መላጊያውን ባነሳሁ ቁጥር ወረቀቱ አለ። በሦስተኛው ቀን እጄን ሰጠሁ።

ክፍሉ ስገባ ዴስኮቹ የኔ ናቸው። አንቺ ገና ስትድሂ የሠራኋቸው ሠላሳ ሁለት ዴስኮች፤ አንዱም ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ለልጅ ልክ ስለሆኑ ጉልበታችን አገጫችን ደረሰ። ዳቦ ጋጋሪው ሊነሳ ሲል ዴስኩም አብሮት ተነሳ። አንተው እንደሠራኸው አንተው አውጣኝ አለኝ። ዴስኩ ልክ ነው፣ ትርፉ ያንተ ነው ብዬ ከኋላ ገፋሁት።

መምህርቷ ልጅ እግር ናት። ሰው ሲናገር ጠመኔዋን አስቀምጣ ነው የምትሰማው፤ ይሄን ወድጄላታለሁ። ልጅ የሚያጠናበት የራሱ ጥግ ይኑረው አለች። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ስንት አገኘህ ከማለት ምን ገረመህ በሉት አለች። ደግሞ በየቀኑ ፀሐይ ሳትገባ ሩብ ሰዓት ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፣ እናንተ መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ስሙት፣ ሲጨርስ በዚህ ወረቀት ላይ ፈርሙ አለች። እኔ ፊርማ የለኝም። ወንበር ስጨርስ ከመቀመጫው ሥር የምጭራትን ትንሽ ማዕዘን አደርግበታለሁ።

ጥጓን መስኮቱ ሥር ሠርቼላታለሁ፤ ለክርኗ ልክ። አመሻሽ ላይ ብርሃኑ በሰጋቱራው መሃል ሲያልፍ ቤቱ በሙሉ በቀስታ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ትናንት ያነበበችልኝ ስለ አንድ ወንዝ ነበር። ወንዙ መሄድ ታከተውና አንድ ሰፈር ሲደርስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተኛ። ሰዎቹ እንዳይቀሰቅሱት በእግር ጣታቸው ሄዱ። በሹክሹክታ ተጣሉ፣ በሹክሹክታ ታረቁ። እኔ ጣቴን በመስመሩ ላይ ሳስኬድ፣ ጣሪያዬ ላይ የሆነ ነገር ሲተነፍስ የሰማሁ መሰለኝ። በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢኖር እኔም ፊደል እቆጥር ነበር።

የሟቹ ባልሽ እህት፣ ያቺ ጸሐፊዋ፣ ልጅቷን ወደኔ ልውሰዳት ማለቷን ሰምቻለሁ። ያልተማረ ሰው ልጅ አያስተምርም ብላለች አሉ። ጽፋልሽ እንደሆነ ሳትሸፋፍኚ ንገሪኝ። ለሷ ደግሞ አባቴ ተማሪ ቤት ገብቷል በያት።

አባትሽ


ኅዳር 24

ለውድ አባቴ፣ ይህን ለሚያነብልዎት ጎረቤታችንም፣

ጤናዎ እንደ እጅዎ የበረታ ይሁን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ልገባ ስል ነው። ቀኑን ሙሉ በሽርጤ ኪስ ይዤው ዋልኩ፤ ሳላነበው ሞቀኝ።

የሥራዬን ነገር ጠይቀውኝ ስለማያውቁ እኔም ነግሬዎት አላውቅም። የትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው። ምድር ቤት ስለሆነ መስኮት የለውም። አንሶላው ከማድረቂያው ትኩሱን ይወጣል። ሁለት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይዘን እንራራቃለን፣ ወጥረን እናራግፈዋለን፣ ተመልሰን እንገናኛለን። ከዚያ እንደገና መራራቅ ነው። እንፋሎቱ ሲበዛ ባልደረባዬን አላያትም። አንሶላው ሲጎተት ብቻ መኖሯን አውቃለሁ። ቀኑ በዚህ ያልቃል።

አዎ፣ አክስቷ ጽፋልኛለች። መስኮት ያለው ትርፍ ክፍል አላት፣ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አላት። ክፉ አሳቢ አይደለችም አባዬ። እስከ ክረምቱ መግቢያ እንይ ብያታለሁ። እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም፤ ልጄም ትምህርቱ ሳይገባት ከክፍል ወደ ክፍል እንድትገፋ አልፈልግም። ለምን ይህን ያህል እንደምፈራ አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ።

ወንዙን ወደድኩት። በየትኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው?

አንድ ነገር ልለምንዎ። ባለፈው ፎቶዋን ጠይቄዎት ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ ትንሽ ነው። ቁመቷን ይላኩልኝ።

ልጅዎ


ጥር 3

ይድረስ ለልጄ፣

ብዕሩ አሁንም ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነው። አንድ ደንበኛ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ ወንበር ላይ እየጠበቀው ስለሆነ ቶሎ በሉ ይለኛል። ይጠብቅ። ልጄን ሰላም ሳልል አልነሳም። እንዴት ሰነበትሽ፣ እንፋሎቱ ደረትሽን አይንካው፣ መስኮት ያለው ሥራ ይስጥሽ።

ከዚህ ጋር ያለው ክር ቁመቷ ነው። ተረከዟን ከግድግዳው አጋጥሜ፣ ራሷ ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ አስተኝቼ ነው የለካኋት። እንድትንጠራራ አልፈቀድኩላትም። ጫማም የለበትም። አትጎትቺው፣ ክር ይለጠጣል።

ቅዳሜዬን አላቋረጥኩም። ባለፈው መምህርቷ፣ ልጅ ሲያነብ አትጣደፉ፣ አፉ ላይ ያለውን ቃል አትንጠቁት አለች። ዳቦ ጋጋሪው እጁን አውጥቶ፣ የኔ ልጅ ከሊጥም ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው አላት። እኔም ሙጫ ሳይደርቅ የሚነካካ ሠራተኛ ስንት ወንበር እንዳበላሸብኝ ተነስቼ ነገርኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። የኔን ቃል፣ ደብተሯ ላይ።

ስለ መጽሐፉ ጠይቀሽኛል። የክፍሏ መጽሐፍ ነው፣ ሌላ የላትም። ያንቺ ደብዳቤ በተነበበ በሳምንቱ አዲስ ገጽ አነበበችልኝ። ደመና የምታጥፍ ሴት አለች። ደመናው ከሰማይ ትኩሱን ይወርድላታል። ጫፉን ይዛ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፤ ሌላውን ጫፍ የያዘው ማን እንደሆነ አይታይም፣ ሲጎተት ግን አለ ማለት ነው። አጥፋ አጥፋ መደርደሪያ ላይ ትከምራለች። የከተማው ዝናብ ሁሉ እዚያ ታጥፎ ተቀምጧል። አንዲት ትንሽ ደመና ግን ደብቃ አስቀርታለች፤ ወደ ቤቷ የምትልካት። መቼ ነው የምትልካት ብዬ ጠየቅኋት። ሽብልቅ ገጹን አይታ፣ እሱ በሌላ ገጽ ነው አለችኝ። በማግስቱ ሰማዩን ስመለከት ዋልኩ።

መጽሐፉን የጻፈው ሰው ያንቺን ሥራ የሚያውቅ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ላንብበው አውሰኝ ቢለኝ ከልክዬዋለሁ፤ ቅባት ያስነካዋል። እዚህ ጋ ይሄን አልጽፍም አለ፤ ጻፍ ብዬዋለሁ።

የፈረምኩት ስልሳ ደርሷል። ለጸሐፊዋ ንገሪያት።

አባትሽ


የካቲት 28

ውድ አባቴ፣

ሰላምታዬ እግርዎ ሥር ይድረስ። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ልጅቷ በሌለችበት እንዲያነብልዎት እለምናለሁ።

ዘገየሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ክሩን ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፤ ከግማሹ አለፈ። ባልደረባዬ ምንድን ነው አለችኝ። ልጄ ናት አልኳት። ጠረጴዛው ላይ አንሶላ ሳንጥል ትንሽ ቆየን።

ለአክስቷ ጽፌ የክፍሉን መጽሐፍ እንድታይልኝ ጠየቅኋት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይታዋለች። ወንዝ የለበትም። ደመና የምታጥፍ ሴት የለችበትም። ያለው ዶሮ ናት፣ ባልዲ ነው፣ ጃንጥላው የጠፋበት ሰውዬ ነው። ልጅቷ እያነበበች አይደለም አባዬ። ከራሷ ነው የምታወራልዎት። እርስዎ ደግሞ የሚያውቁበት መንገድ የለዎትም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አክስቷ ትመጣለች። አጠገቧ ተቀምጣ ታስነብባታለች። ካላነበበች ይዛት ትሄዳለች። ተስማምቻለሁ።

ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ


መጋቢት 25

ይድረስ ለልጄ፣

ዛሬ ብዕሩን የያዘችው የወላጆች መምህርቷ ናት። ፀጉር አስተካካዩ የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ካነበበልኝ ወዲህ ዓይን ዓይኔን ማየት አቃተው፤ ላስጨንቀው አልፈለግሁም።

ደህና ነሽ ወይ? ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ደህና አልነበርኩም፣ አሁን ይሻለኛል።

መጀመሪያ አላመንኩሽም። ያቺ ጸሐፊ ሌላ መጽሐፍ አይታ ነው አልኩ። ግን እኔ ጣውላ ስቆርጥ ሁለቴ ነው የምለካው። ሁለቱ ልክ ካልተስማማ ወይ ሜትሩ ዋሽቷል ወይ ዓይኔ። ስለዚህ ሽብልቅን የደመናዋን ገጽ አንብቢልኝ አልኳት። አነበበች፤ ሴትየዋ ደመናውን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። ጥሩ፣ ይሄንኑ ገጽ ድገሚልኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ደገመችው። አሁን መደርደሪያው ሞልቶ ሴትየዋ ደመናውን አልጋ ሥር ከተተችው። የታተመ ነገር ከቦታው አይነቃነቅም ልጄ፤ ያን ያህል አውቃለሁ።

ጣቴን ከመጽሐፉ ላይ አነሳሁ። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«አባባ፣ የእርስዎ ጣት እኮ ሁልጊዜ ይቀድመኛል። እኔ ሳልጀምር መስመሩን ይጨርሳል።»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ያፍራሉ ብዬ።»

የመጀመሪያ ቀን መጽሐፉን ስትገልጥ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ተደባልቀውባት ነበር። እኔ ደግሞ ጣቴን ቀስሬ እጠብቃለሁ። እንዳላዝን ብላ ወንዙን ጀመረች። በማግስቱ ስጠይቃት ቀጠለች። እኔ እንደምከተል አስመስል ነበር፣ እሷ እንደምታነብ ታስመስል ነበር፤ ሁለታችንም እንዲህ ተከባብረን አምስት ወር ቆየን። ያቺን ማዕዘን ከወንበር ሥር ስጭር ይሄ ልክ ነው፣ እኔ እመሰክራለሁ ማለቴ ነው። ከመቶ ጊዜ በላይ ልክ ያልሆነ ነገር ሥር ጭሬያታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ላይ አልጫርኳትም።

ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ተነሳሁ፤ ዴስኩ አብሮኝ አልተነሳም። ማንበብ አልችልም አልኩ። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው፣ እኔም አለ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ እኔም አለች። ሲቆጠር ከግማሽ በላይ ነን። ሁላችንም በየቤታችን ጣታችንን በባዶ ስናስኬድ ነበር የከረምነው። መምህርቷ ጠመኔዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። ሳልጠይቃችሁ ጣታችሁን አስይዤ የላክኋችሁ እኔ ነኝ አለች። እዚህ ጋ ብዕሯን አቁማለች፤ ጻፊው ብያታለሁ፣ የሚያሳፍር አይደለም።

ሁለቴ የመለካቱን ነገር ነገርኳት። አሁን የክፍሉ ሕግ ሆኗል። ልጁ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ያንብብ፤ ወላጁ ፊደል ባያውቅም ጆሮ አለው። ሁለቱ ካልተስማማ ያለ ቁጣ ወደ ፊደሉ መመለስ ነው። የአናጢው ልክ ነው የሚሉት። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ፤ ወንዙን እንዳትቀሟት አልኩ። መጀመሪያ ዶሮዋና ባልዲው ሁለቴ፣ ከዚያ ወንዙ እንደፈለገ ይተኛ።

ከስብርባሪ ጣውላ ፊደል እየቆረጥኩላት ነው። እሷ ትስለዋለች፣ ስሙን ትነግረኛለች፣ እኔ በመጋዝ እዞረዋለሁ። አንዴ በመጋዝ የዞርኩትን እጄ አይረሳም። መስኮቱ ላይ ተደርድረው አመሻሽ ላይ ጥላቸው ረዝሞ ወለሉን ያቋርጣል፤ አንዳንዴ ረግጠን እንዳናጠፋቸው በዳር እናልፋለን።

ጸሐፊዋ ትምጣ። በሩ ሰፊ ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ።

አባትሽ


ሚያዝያ 20

ውድ አባቴ፣

ጤናና ረጅም ዕድሜ ከነመጋዝዎ ይስጥልኝ። የምፈራበትን ምክንያት እጽፍልዎታለሁ ብዬ ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለሁ የአጎቴ ደብዳቤ ሲመጣ እኔን ጠርተው ያስነብቡኝ ነበር። አጎቴ የሚጽፈው ስለ ጥርሱ፣ ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ አህያው ነው። ሲያልቅ፣ ይሄው ነው ይሉኝ ነበር፤ ፊትዎ ይጠወልጋል። አንድ ቀን የሌለ ነገር ጨመርኩ። መጨረሻው ላይ፣ ልጅህን አቅፈህ ሳምልኝ ይላል አልኩዎት። መላጊያውን አስቀመጡ፣ አቀፉኝ፣ ሳሙኝ። ሰጋቱራው ፀጉሬ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየደብዳቤው መጨረሻ እጨምረው ነበር። አጎቴ አንድም ቀን አልጻፈውም አባዬ። ስለዚህ የወንዙን ታሪክ ገና ስሰማ ጠርጥሬ ነበር፤ እርስዎን ማታለል ምን ያህል ቀላልና ምን ያህል ጣፋጭ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ደመና የምታጥፈዋን ሴት ማን እንደሆነች አውቄያታለሁ። ያን ቀን አንሶላው ከእጄ ወደቀና እንደገና ታጠበ።

አክስቷን አልከለክላትም፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ግን አሁን የምፈልገው መልስ ተለውጧል። መጀመሪያ ልጅቷ ወደ አክስቷ ትሂድ እንዲሉኝ ነበር ደብዳቤዎን የምከፍተው። አሁን ቀርታለች የሚል ቃል ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ግንቦት 24

ይድረስ ለልጄ፣

ብዕሩን የያዘችው ሽብልቅ ናት። ስለዚህ ነገሬ አጭር ይሆናል፤ ሳረዝምባት እጇን ታራግፍብኛለች።

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለባልደረባሽም። ጎትታ ስለምትይዝልሽ አመስግኛታለሁ በያት።

ቀርታለች።

ጸሐፊዋ ሐሙስ መጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ ሰጋቱራ ላይ ስትቀመጥ ዝም አልኳት። መጽሐፉን ተቀብላ መሃል ላይ ገለጠችው፤ ያልተለማመድነውን ገጽ። ሽብልቅ ጀመረች። ቀስ ብላ ነው። ዶሮዋ ባልዲው ላይ ወጣች። አንድ ቃል ላይ ተያዘች። ጸሐፊዋ ልትነግራት አፏን ስትከፍት እጄን አነሳሁ፤ ዝም አለች። መስኮቱ ላይ አንዲት ዝንብ ዞረች፣ ዞረች። ቃሉ መጣ። ሲያልቅ ሽብልቅ ራሷ፣ ልድገመው አለች። ደገመችው። ዶሮዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ጸሐፊዋ ዘገምተኛ ናት አለች። እውነት ነው። ከዚያ መጽሐፉን አጥፋ፣ አንድ ወንዝ አላችሁ አሉ አለች። ሽብልቅ ወንዙን አወራችላት። ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ጫማዋን አውልቃ ስትሰማ ነበር፤ ስትነሳም በእግር ጣቷ ነው የሄደችው። ልጅቷ ለዕረፍት ሁለት ሳምንት ወደሷ ትሄዳለች፣ መጽሐፉን ሁሉ ትነካካላታለች፣ ትመለሳለች። ለጸሐፊዋ በርጩማ ሰጥቻታለሁ። ከሥሩ ማዕዘኗን ጫርኩበት። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ወንድሜ የጻፍሽውን ያነበበችልኝ ሽብልቅ ናት፤ ሁለት ቀን ፈጀባት። ልጄ፣ አውቅ ነበር። ወንድሜ ስለ አህያው ነው የሚያስበው፣ በሕይወቱ ማንንም ሳሙልኝ ብሎ አያውቅም። እኔ ደግሞ ልጅ ለመሳም ሰበብ የምፈልግ ሰው ነበርኩ፤ ሰበቡን ታመጪልኝ ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ የሱን ቃል የምጠብቅ መስሎሽ ነበር? መጨረሻ ላይ ያለውን ያንቺን ነበር።

አዲሱ ክር እዚህ ውስጥ ነው። ከፊተኛው ጎን ዘርጊው፣ አትጎትቺው።

ይበቃል። በይ ብዕሩን አስቀምጪና አንብቢልኝ። ይሄንንም ጻፍሽው? እሺ። አንብቢልኝ፣ ከዚያ ደግመሽ አንብቢልኝ። ሁለቱ አንድ ከሆነ እሸጊው። የጨመርሽበት ነገር ካለም እሸጊው።